ለስድስት ሠራተኞች የባዮሴፍቲ ካቢኔት ሥልጠና፦ ከስላይድ ውጪ ምን ላሠራቸው?

የካልቸር_ክፍል፦

ሰላም ለሁላችሁ። የቲቢ ካልቸር ክፍል (የቲቢ ባክቴሪያ ከናሙና የሚራባበት) ውስጥ ለሚሠሩ ስድስት ባለሙያዎች የሁለት ቀን የባዮሴፍቲ ካቢኔት (አየር እየሳበና እያጣራ ሠራተኛውንና ናሙናውን የሚጠብቅ የሥራ ሣጥን) ሥልጠና አዘጋጅ ተብያለሁ። ሁለቱ አዲስ ናቸው። ያለን አንድ ክላስ 2 ዓይነት ኤ2 ካቢኔት ነው፤ ስፋቱ 1.2 ሜትር፣ የዓመቱ ሰርቲፊኬሽን (የባለሙያ ፍተሻ ማረጋገጫ) ጊዜው አላለፈም።

በእጄ ያለው ስልሳ ስላይድ ነው። የጽሑፍ ፈተናውን ሁሉም በጥሩ ውጤት ያልፋሉ፤ ካቢኔቱ ፊት ሲቀመጡ ግን መዝገቡን የፊት ግሪሉ (አየር የሚሳብበት ባለ ቀዳዳ ጠርዝ) ላይ ዘርግተው ይጽፋሉ፣ ቲፕ (የፒፔት ጫፍ) ለመጣል በየደቂቃው እጃቸውን ያወጣሉ። ደንቡ ጠፍቷቸው አይደለም፤ ጠይቋቸው፣ በቃላቸው ይሏችኋል።

የምጠይቀው፦ እውነተኛ ናሙና ሳንነካ እጃቸውን የማለማምድበት ምን መንገድ አለ? ለማጽጃ አልኮል፣ በረኪናና ዩቪን (ጀርም ገዳይ ጨረር) በተመለከተ አንዱ የሚለው ከሌላው አይገጥምም፤ የቱን ልያዝ? መብራት ሲጠፋስ? በመጨረሻስ አንድ ሠራተኛ "ከእንግዲህ ብቻውን ይሥራ" የሚባለው በምን ተመዝኖ ነው?


ማይኮ_ቤንች፦

ስላይዱን ወደ አርባ ደቂቃ ያውርዱትና የመጀመሪያውን ቀን ጠዋት ለጭስ ይስጡት። ስላይድ የማያስረዳው አንድ ነገር የካቢኔቱ ፊት ክፍት መሆኑ ነው። በመስታወቱ ሥር፣ እጅ በሚገባበት ክፍተት በኩል፣ በሠራተኛውና በናሙናው መካከል ያለው መከላከያ ወደ ውስጥ የሚሳብ አየር ብቻ ነው። ፍጥነቱ በሰከንድ ግማሽ ሜትር ገደማ፣ በሰዓት ቢሰላ 1.8 ኪሎ ሜትር ነው። ሰው እየተንቀራፈፈ ሲሄድ እንኳ ከዚህ ይፈጥናል። ከኋላ ያለፈ ሰው፣ የተከፈተ በር፣ ቶሎ የተመዘዘ እጅ፣ ሁሉም ይህን የአየር መጋረጃ ይቀድሙታል። ሠራተኛው ይህን በዓይኑ እስኪያይ ድረስ ካቢኔቱን መስታወት ያለው ሣጥን አድርጎ ነው የሚያስበው፤ መዝገቡንም ግሪሉ ላይ የሚያስቀምጠው ለዚህ ነው።

የጭስ ቲዩብ ካላችሁ በእሱ ሥሩ። ከሌለ ሱቅ የሚሸጠው ባለ ዘንግ ዕጣን ያገለግላል፤ ከሰል ያለበት ማጨሻ ግን ወደ ክፍሉም አይግባ። ካቢኔቱ ባዶ ይሁን፣ የአልኮል ጠርሙስ ከአካባቢው ይራቅ፣ ዘንጉ ከክፍተቱ ውጪ ይያዝ፤ ለአንድ ዙር አንድ ደቂቃ በቂ ነው። ሲያበቃ ውሃ ያለበት ብርጭቆ ውስጥ ይጥፋ። ጭስ ፊልተሩን ስለሚጎዳ በየሳምንቱ የሚደረግ አይደለም፤ ለሥልጠና ብቻ።

መጀመሪያ ዘንጉን በመስታወቱ የታችኛው ጠርዝ ትይዩ ከዳር እስከ ዳር ያንቀሳቅሱት። ጭሱ ክር መስሎ ሳይንቀጠቀጥ ወደ ግሪሉ ይሰምጣል። ቀጥሎ ያንኑ መዝገብ አምጥተው ግሪሉ ላይ ያኑሩት። ጭሱ መዝገቡ ጋ ሲደርስ ያመነታል፣ ይጠቀለላል፣ ከዚያ በመዝገቡ ጀርባ ላይ ተንሸራቶ ወደ ሥራ ቦታው ይዘልቃል። ማለትም ያልተጣራ የክፍል አየር ካልቸሩ ላይ ሄደ። አሁን አንዱ ሠራተኛ እጁን ያስገባና በለመደው ፍጥነት ያውጣ፤ ጭሱ ክንዱን ተከትሎ ወደ ደረቱ ሲመጣ ሁሉም ያያሉ። ሦስተኛው፣ አንድ ሰው ከኋላው ቶሎ ብሎ ይለፍ። ከዚህ በኋላ ስለ ግሪል ብዙ ማውራት አያስፈልግዎትም።

ቀጥሎ የወንበር ጉዳይ ይምጣ፤ ብዙ ቦታ ይዘለላል። ብብት ከመስታወቱ የታችኛው ጠርዝ ጋር እኩል መሆን አለበት። ወንበሩ ዝቅ ካለ ፊት ክፍተቱ ትይዩ ይወርዳል፤ ክንድም ግሪሉ ላይ ያርፋል። አጭር ሠራተኛ የእግር መርገጫ ካልተደረገለት ከሰዓት በኋላ ክንዱን ግሪሉ ላይ ማሳረፉ አይቀርም፤ ቢመክሩት የድካም ጉዳይ ነውና አይሰማም።

የጠዋቱ ቅደም ተከተል ይህ ነው። ፋኑን አብርቶ 5 ደቂቃ መጠበቅ። 2 በ15 ሴንቲ ሜትር የሆነ የሶፍት ቁራጭ በመስታወቱ ጠርዝ ላይ በፕላስተር አንጠልጥሎ ወደ ውስጥ መሳቡን ማየት፣ ከዚያ ማንሳት፤ ከተረሳ ተስቦ ከካቢኔቱ ወለል ሥር ይገባል። የግፊት ጌጁን (መለኪያውን) አንብቦ መመዝገብ። ወለሉን፣ ጎኖቹንና የመስታወቱን የውስጥ ገጽ መጥረግ። ለዚያ ዙር የሚበቃውን ዕቃ ብቻ ማስገባት፤ የኋላው ግሪልም እንዳይደፈን። እጅን አስገብቶ አንድ ደቂቃ ሳይነቃነቁ መጠበቅ፣ አየሩ እስኪረጋ። ሥራው ሁሉ ከፊት ግሪሉ ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ይሠራል፤ በቀለም ቴፕ መስመር ማስመር ይረዳል። ንጹሑ በአንድ በኩል፣ ያገለገለው በሌላው፤ እጅም ከንጹሑ ወደ ቆሻሻው ብቻ ይሄዳል። የቲፕ መጣያው ውስጥ ነው የሚቀመጠው፣ ያውም ጀርም ማጥፊያ መድኃኒት ባለበት ዝርግ ትሪ። ረጅም ቆሞ የሚቀመጥ የፒፔት ማሰሮ ሠራተኛው ክንዱን ከፍ አድርጎ እንዲያወዛውዝ ስለሚያስገድደው አይሆንም። ቡንሰን በርነር አይፈቀድም፤ እሳቱ ከላይ የሚወርደውን አየር ይበትናል፣ ፊልተሩንም ያሞቃል። የሚጣል የፕላስቲክ ሉፕ (ናሙና መቅጃ ቀለበት) ይኑር።

ለልምምዱ አክታ የሚመስል ነገር ያስፈልጋል፤ ለዚህ ተልባን የሚያህል የለም። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ያልተቆላ ተልባ በ250 ሚሊ ሊትር ውሃ 10 ደቂቃ ይቀቀልና ሙቅ ሳለ ይጠለል። ሲበርድ ከቶኒክ ውሃ ጋር እኩል በእኩል ይቀላቀላል። ቶኒክ ውስጥ ያለው ኪኒን በጥቁር ብርሃን (ደካማ የዩቪ ዓይነት) ሰማያዊ ያበራል። ብር የሚፈተሽበት የእጅ ባትሪ ይበቃል፤ 365 ናኖሜትር የተጻፈበትን ይምረጡ።

እያንዳንዱ ሠራተኛ 5 ሚሊ ሊትር የተልባ አክታ በ50 ሚሊ ሊትር ቲዩብ ይውሰድ፤ አክታን በሚያሟሙትና በሚያጸዱት በናልሲና ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ምትክ 5 ሚሊ ሊትር ውሃ ይጨምር፣ 20 ሰከንድ ቮርቴክስ ያድርግ (በማናወጫ ማሽን ያናውጥ)፣ 15 ደቂቃ ያቆይ። በባፈሩ (በማቅጠኛው ፈሳሽ) ምትክ እስከ 50 ሚሊ ሊትር ቶኒክ ይሙላበት፣ በሴንትሪፉጅ በ3000 ጂ (የስበት ኃይል 3000 እጥፍ) 15 ደቂቃ ያሽከርክረው፣ የሴንትሪፉጁን ባልዲ ክዳን ካቢኔቱ ውስጥ ይክፈት፣ ላይኛውን ፈሳሽ ይድፋ። ከዚያ መብራቱን አጥፍታችሁ ባትሪውን አብሩ። የሚያበራው ብዙ ጊዜ የቲዩቡ አፍ ውጪኛ ጠርዝ፣ የግራ እጅ አውራ ጣት፣ የጋውኑ እጅጌ ጫፍና እስክሪብቶው ነው። እስክሪብቶው ሲያበራ ክፍሉ ጸጥ ይላል። ቮርቴክስ እንዳቆመ ወዲያው ክዳን የከፈተ ሰው ክዳኑ ሥር ያለውን ነጠብጣብ ያየዋል፤ ከቮርቴክስም ከሴንትሪፉጅም በኋላ 5 ደቂቃ የሚጠበቀው ለዚህ ነው።


ላብቴክ_09፦

ተልባው ጥሩ ሐሳብ ነው። ስለ ማጽጃው ግን ነገሩን አታክብዱት፤ ዩቪ ካላችሁ ከሥራ በፊት 30 ደቂቃ አብሩት፣ ከሥራ በኋላ በ70 በመቶ አልኮል ጥረጉት፣ ይበቃል። በረኪና ካቢኔቱን ይበላዋል።


የጥራት_ጉዳይ፦

በረኪና ብረት መብላቱ እውነት ነው። ቀሪው ይታረም።

ዩቪ የሚገድለው በቀጥታ ያረፈበትን ብቻ ነው። በአቧራ ሥር፣ በትሪው ጥላ ውስጥ፣ በፈሳሽ ጠብታ መሐል ያለውን አይደርስበትም። አምፖሉ ሲያረጅ ሰማያዊው ብርሃን እንዳለ ይቆያል፣ ጉልበቱ ግን ወርዷል፤ በዓይን አይለይም። ካለ በየሳምንቱ አምፖሉ በአልኮል ይወልወል፣ ሰው ክፍሉ ውስጥ እያለ አይብራ፣ ግን በመጥረግ ምትክ አይቆጠር። አንድ ማስጠንቀቂያ ደግሞ፦ ለተልባው ልምምድ የካቢኔቱን ዩቪ ማንም እንዳያበራ። እሱ 254 ናኖሜትር ነው፤ ዓይንና ቆዳ ያቃጥላል። ከብር መፈተሻው ባትሪ ጋር ስሙ እንጂ ሥራው አይገናኝም።

አልኮልን በተመለከተ ችግሩ ጊዜው ነው። ከላይ የሚወርደው አየር ስለሚያደርቀው ገጹ ላይ እርጥብ ሆኖ የሚቆየው ለአጭር ጊዜ ነው። ለቲቢ የሚያስፈልገውን ቆይታ አይሰጥም። ብዙ ከተረጨ ደግሞ ተቀጣጣይ ነው፤ ኤ2 ካቢኔት አብዛኛውን አየር አጣርቶ መልሶ ያዞረዋል፣ የካቢኔቱ ሄፓ ፊልተር ደግሞ ቅንጣት እንጂ ተን አይዝም። አልኮልን ለሁለተኛው ዙር ያቆዩት።

የመጀመሪያው ዙር 0.5 በመቶ በረኪና ነው። ቀመሩ፦ የጠርሙሱ ጥንካሬ ለሚፈለገው ይካፈል፣ አንድ ይቀነስ፤ የሚወጣው ለአንድ እጅ በረኪና የሚጨመረው የውሃ እጅ ነው። 5 በመቶ የተጻፈበት ከሆነ 5 ለ0.5 ሲካፈል 10፣ ሲቀነስ 9፤ ስለዚህ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ። ገበያ ላይ ያለው ሁሉ 5 በመቶ ስላልሆነ ሠራተኛው ከልጥፉ አንብቦ እንዲያሰላ ያድርጉ፤ "አንድ ለዘጠኝ" ብሎ መሸምደድ ዋጋ የለውም። በየቀኑ አዲስ ይበጠበጥ፣ ሰዓቱም ይጻፍበት። በጨርቅ አርሶ መጥረግ፣ 10 ደቂቃ እርጥብ እንደሆነ ማቆየት፣ ከደረቀ መድገም። ከዚያ በውሃ ወይም በ70 በመቶ አልኮል የቀረውን ማንሳት። ካቢኔት የሚበላው ይህ የመጨረሻው እርምጃ ሲዘለል ነው። 70 በመቶውን ከ96 ለማዘጋጀት 730 ሚሊ ሊትር ወስዶ በውሃ አንድ ሊትር መሙላት ነው።

የአጠራረግ ልምምዱን በቶኒክ ስትሠሩ በረኪና አትጠቀሙ። በረኪና ኪኒኑን ስለሚያጠፋው ያልተነካው ጥግም የጸዳ ይመስላል። ተራ ውሃ ይሁን።

ሌላው፣ ክፍሉ ውስጥ የአርኤንኤ ማውጫ ኪትም የሚሠራ ከሆነ፣ ብዙዎቹ የላይሲስ ባፈሮች (ሴል የሚያፈርሱ ፈሳሾች) ጓኒዲን ታዮሳያኔት የሚባል ኬሚካል አላቸው። በረኪና ሲነካቸው መርዛማ ጋዝ ይወጣል። የእነሱ መጣያ ለብቻው፣ በትልቁ "በረኪና አይጨመርም" ተብሎ ይጻፍበት። በረኪናን ከአሲድ ጋርም እንዲሁ።


ጥገና_ባዮሜድ፦

ከጥገናው በኩል ሠራተኛው ማወቅ ያለበትን ልጨምር።

የግፊት ጌጁ ቁጥር ብቻውን "ደህና ነው" አይልም። ትርጉም ያለው አካሄዱ ነው። ሰርቲፋይ በተደረገ ዕለት ያነበበው መነሻ ይሁንና ከጌጁ ጎን ይለጠፍ። በወራት ቀስ እያለ ከፍ ካለ ፊልተሩ እየሞላ ነው። በአንድ ሌሊት ከወረደ ፊልተሩ ተቀዷል፣ አለዚያ ፋኑ ደክሟል፣ ወይም ወደ ጌጁ የሚሄደው ቱቦ ወልቋል፤ ሥራው ይቁም። የቮልቴጅ መውረድም ፋኑን ያዘገየዋል፤ ማረጋጊያ ከሌለ ከሰዓት በኋላ መብራት ሲደክም አየሩም አብሮ ይደክማል። የማንቂያውን ድምፅ በቴፕ አፍኖ መሥራት የሚባል ነገር አለ። ሠራተኛውን ከመቆጣት በፊት መስታወቱ ከተፈቀደው ከፍታ በላይ እየተነሣ እንደሆነ እዩ፤ ብዙውን ጊዜ ጩኸቱ ከዚያ ነው፣ መንስኤውም ወንበሩ ነው።

ካቢኔቱ ከተንቀሳቀሰ፣ እዚያው ክፍል ውስጥ ከግድግዳ ወደ ግድግዳ ቢሆንም፣ እንደገና ሰርቲፋይ ይደረጋል። ሲገፋ የፊልተሩ ማሸጊያ ይላቀቃል። ቦታው ከበር፣ ከመስኮት፣ ከኤሲ አየር መውጫና ከመተላለፊያ የራቀ ይሁን።

ሰርቲፋይ የሚያደርገው ባለሙያ ሲመጣ አብራችሁ ቁሙ። ወራጅና ገቢ አየሩን መለካት፣ ፊልተሩን በኤሮሶል ፈትሾ ፍሳሹ ከ0.01 በመቶ አለመብለጡን ማየት፣ የጭስ ፍተሻ፤ እነዚህ ከሌሉበት የተለጠፈው ተለጣፊ ወረቀት ብቻ ነው። ደጋ ላይ ላላችሁ አንድ ጥያቄ ጠይቁት፦ "ለከፍታው አስተካክለሃል?" የሙቀት አኒሞሜትር (የአየር ፍጥነት መለኪያ) የሚለካው የአየሩን ክብደት ጭምር ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ከባሕር ጠረፉ በሩብ ገደማ ይሳሳል። ያልተስተካከለ መሣሪያ በሰከንድ 0.40 ሜትር ሲያነብ እውነተኛው ፍጥነት 0.52 አካባቢ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ቁጥሩን ለማድረስ ፋኑን ከልክ በላይ ይለቀዋል፤ ገቢና ወራጁ ይዛባል።


የካልቸር_ክፍል፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የከፍታውን ነገር ማንም አንስቶት አያውቅም። መብራት ሲጠፋና ካቢኔቱ ውስጥ ሲደፋ ምን ብዬ ላለማምዳቸው? የእኛ ጀነሬተር ለመነሣት ግማሽ ደቂቃ ያህል ይወስዳል።


ማይኮ_ቤንች፦

ግማሽ ደቂቃም ቢሆን ካቢኔቱ በዚያ ጊዜ ውስጥ ተራ ጠረጴዛ ነው። ለካቢኔቱ ብቻ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚይዝ) ቢገኝ ጥሩ፤ እስከዚያው ልምምዱ ይህ ነው። ሠራተኛው በተልባው ሲሠራ ሳያስጠነቅቁ ማብሪያውን ያጥፉት። የሚጠበቅበት፦ ያልተከደነውን መክደን፣ እጁን በዝግታ ማውጣት፣ መስታወቱን ዝቅ ማድረግ፣ ከክፍሉ ወጥቶ በሩን መዝጋት። ብዙዎች መጀመሪያ የሚያደርጉት ቀና ብለው አምፖሉን ማየትና "ሄደ?" ብሎ መጠየቅ ነው፤ ክፍት ቲዩብ በእጃቸው እያለ። መብራት ሲመለስ አንዳንዱ ካቢኔት በራሱ አይነሣም፤ ማንቂያውንና የፋኑን ድምፅ አረጋግጦ 5 ደቂቃ ማስኬድ፣ በሶፍት መፈተሽ፣ ገጹን ጠርጎ መቀጠል።

ውስጥ ከተደፋ ፋኑ አይጠፋም፤ ይህ ሦስት ጊዜ ይደገምላቸው፣ ምክንያቱም ሰው ሲደነግጥ የሚነካው ማጥፊያውን ነው። በሶፍት ወይም በጋዝ ጨርቅ (በፋሻ) መሸፈን፣ 0.5 በመቶውን በረኪና ከዳር ወደ መሐል ማፍሰስ፣ 30 ደቂቃ መጠበቅ፣ ሰብስቦ መጣያው ውስጥ መክተት፣ በዙሪያው ያለውን ዕቃና ጎኖቹን መጥረግ። የውጪኛው ጓንት እዚያው ውስጥ ይወልቃል፤ ሁለት ጓንት የሚደረገው ለዚህ ነው። ከዚያ 10 ደቂቃ ሳይሠሩ ማስኬድ።

ፈሳሹ በግሪሉ አልፎ ከወለሉ ሥር ወዳለው ገበታ ከወረደ ነገሩ ይረዝማል። መጀመሪያ የማፍሰሻው ቧንቧ መዘጋቱ ይታይ፤ ከተደፋው ያላነሰ መድኃኒት ይፍሰስበት፣ 30 ደቂቃ ይቆይ፣ ከዚያ ቱቦ ገጥሞ መድኃኒት ያለበት ጀሪካን ውስጥ ማስወረድ። ከዚያ ወለሉን አንሥቶ ሥሩን መጥረግ። ይህን ቧንቧ አይቶት የማያውቅ ሠራተኛ ብዙ ነው፤ በሥልጠናው ዕለት ወለሉን ያንሡላቸው። የጠፉት ሶፍቶች ሁሉ እዚያ ይገኛሉ።


የጥራት_ጉዳይ፦

ስለ ምዘናው፦ የጽሑፍ ፈተናው ይቅር አልልም፣ ግን ለብቻ መሥራት የሚፈቀደው በዓይን ታይቶ ነው። አንድ ሙሉ የተልባ ዙር ከመጀመሪያው 5 ደቂቃ እስከ መጨረሻው መጥረግ ይሥራ፤ ተመልካቹ ከኋላ ሳይሆን ከጎን፣ ራቅ ብሎ ይቁም፤ አንድም ቃል አይናገር። እጁ ስንት ጊዜ ከክፍተቱ እንደወጣ በመስመር ይቁጠር። ዕቃውን አሟልቶ ያስገባ ሰው ለአንድ ዙር ከሁለትና ከሦስት ጊዜ በላይ መውጣት የለበትም፤ አሥር ከደረሰ ዝግጅቱ ላይ ይመለስ።

አራት ነገሮች ግን ቁጥር ሳያስፈልጋቸው ይጥላሉ፦ ግሪሉ ላይ ዕቃ ማስቀመጥ፣ የሴንትሪፉጅ ባልዲ ከካቢኔቱ ውጪ መክፈት፣ ሲደፋ ፋኑን ማጥፋት፣ ካቢኔቱ ውስጥ የነበረ ጓንት ለብሶ የበር እጀታ ወይም ስልክ መንካት። የወደቀ በዚያው ሳምንት ይድገም፤ እስከዚያ አብሮት ሰው ይኑር። ያለፈውም በዓመቱ፣ አሠራሩ ወይም ካቢኔቱ ሲቀየር ደግሞ ወዲያው ይታይ። 1.2 ሜትር ካቢኔት ላይ በአንድ ጊዜ አንድ ሰው ብቻ ነው የሚሠራው፤ ስድስታችሁም ከሆናችሁ የሰዓት ድልድል ያስፈልጋል።

መዝገቡን በተመለከተ፣ ከካቢኔቱ በስተቀኝ አንዲት ትንሽ መደርደሪያ ግድግዳው ላይ ብታስመቱ ይቀላል። አሁን ግሪሉ ላይ የሚያስቀምጡት ሌላ ቦታ ስለሌላቸውም ሊሆን ይችላል።


የካልቸር_ክፍል፦

እውነት ነው፣ ማስቀመጫ የለም። መደርደሪያውን ለሰኞ አዝዣለሁ፤ ተልባውን ረቡዕ እቀቅላለሁ።